ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የሕመም ዋስትና፤ በኮሶዬና በሰሜን ተራራ ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ኮሶዬ ትገኛለች። መንገዱ እዚያ ላይ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይጠጋል። መንገደኛው ከመኪናው ወርዶ ቢመለከት ከእግሩ በታች ያለው አገር እየወረደና እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። እላይ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ነው፤ እታች ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት፣ ወባ የሚገኝበት ቆላ ነው። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ልጅ መሬቱ ሲጠብበት ለሥራ የሚወርደው ወደዚህ ቆላ ነው። አንዳንዱ ከዚያ አልፎ ሱዳን ይገባል። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ በአውሮፕላን ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፣ ከዚህ ደጋ ለሥራ የወጣ ሰው በባዕድ አገር ሳለ ቢታመም የሚያሳክመው ማን ነው? ልዩ ልዩ ዘመናት ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል። ነገር ግን ነገሩን በቅርብ ስንመለከተው አንድ የማይለወጥ ነገር አግኝተናል፤ ዋስትናው ሁልጊዜ ከአንድ ስፍራ ጋራ ታስሮ የኖረ እንጂ ከሠራተኛው ጋራ የተጓዘ አይደለም። በአገር ቤት ያለው ዋስትና ሰውየው ሲወጣ እደጅ ይቀራል፤ በውጭ አገር ያለው ደግሞ ሰውየው ሲመለስ እዚያው ይቀራል። ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን ሕግ ከሌሎች አገሮች ሕግ ጋራ ለማስተያየት ይመቻል ብለን ነው። በኮሶዬና በዳባት ያነጋገርናቸው ሰዎች ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ፈለጉ አልጠራንም።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ዛሬ በመንግሥት አዋጆች ላይ «መድን» ወይም «መድኅን» እየተባለ የሚጻፈው ቃል «መዳን» እና «መድኃኒት» ከሚሉት ቃላት ጋራ አንድ ሥር አለው። በገበሬው አፍ ግን ከመድን ይልቅ የሚሰማው «ዋስ» የሚለው ቃል ነው። ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት «ኢንሹራንስ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የማያውቅህ ሰው ዋስ ሲሆንህ ነዋ፣ ልጄ» ብለው መለሱልን። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ በመጻሕፍት ፈልገን አላገኘንም።

በመድኃኒት ነገር የአካባቢው ስም ራሱ ይመሰክራል። ኮሶ የተባለው ዛፍ አበባው ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የሚጠጣ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፈረንጆች መድኃኒት ቤት ገብቷል። ከዚህ ደጋ ወደ ውጭ አገር ሄደው ያለ ብዙ ችግር ሥራ ካገኙት ነገሮች መካከል አንዱ ኮሶ ነው ብንል አንሳሳትም። በተቃራኒው መንገድ የመጣ አንድ ሰውም አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በወገራ አልፎ በ1770 ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በከተማው የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ስለ ነበር ሐኪም ነው ተብሎ ቁስቋም ወዳለው ቤተ መንግሥት ተጠራ፤ የታመሙትንም የመሳፍንት ልጆች ስላስታመመ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተወደደ። ለብሩስ በባዕድ አገር ዋስ የሆነው የሕክምና ዕውቀቱ ነው። ከኮሶዬ ለሚወጣው የቀን ሠራተኛ ግን ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው፤ ጉልበት ደግሞ በታመመ ጊዜ የሚጠፋው እሱው ነው።

በጥንቱ ኑሮ የደጋው ሰው የሕመም ዋስትና ጎረቤቱ ነበረ። የታመመ ገበሬ እርሻው ዳዋ እንዳይለብስ በደቦ ይታረስለታል፤ አጫጁ ከሌለ ጎረቤት ይሰበሰብለታል። የጽዋ ማኅበሩና ሰንበቴው ይጠይቁታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃሬዛ አለ። ሰው በጠና ሲታመም የመንደሩ ወንዶች ተጠራርተው፣ በሁለት እንጨት ላይ ጠፍር ወይም ጋቢ ወጥረው፣ በየተራ እየተቀባበሉ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሐኪም ያደርሱታል። ተጠርቶ የቀረ ሰው ይወቀሳል፤ ሁለተኛ የቀረ እንደ ሆነ እሱም በታመመ ጊዜ ትከሻ እንደሚያጣ ያውቃል። ይህ በሚገባ የኢንሹራንስ ሥርዓት ነው። መዋጮው ትከሻ ነው፤ ካሣውም ትከሻ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ከሚያውቁት ደብር አልፎ አይሄድም። ወደ መተማ የሚወርደው ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ብቻውን አይወርድም ነበር፤ ከጓደኛ ጋራ ይሄዳል፣ ንዳድ የሚበረታበትንም የክረምት ማብቂያ እየጠበቀ ያሳልፋል። የነጋዴው ጥንቃቄ እንዲህ በወራት ላይ የተመሠረተ ነበረ። የቀን ሠራተኛው ግን ወር የመምረጥ መብት የለውም፤ ሥራው የሚገኘው ወባው በሚበረታበት ወር ነውና።

ይህ ነገር በ1950ዎቹ በግልጽ ታየ። በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። ይህም መቅሠፍት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ እንዲቋቋም ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ኮሌጁን መንግሥት ያቋቋመው በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ሲሆን፣ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን ያስተምር ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ በ1958 ደግሞ ወባ ከለመደው ቆላ ወጥቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ በጠቅላላው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ በዳባትና በደባርቅ ሰው አእምሮ «ቆላ መውረድ» የሚለው ቃል ከሥራ ይልቅ ከበሽታ ጋራ የተያያዘ ሆነ። ሆኖም ሰው መውረዱን አልተወም።

እንዲያውም የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰቲት ሁመራ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ በትራክተር መታረስ ሲጀምር፣ ለማረምና ለማጨድ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከደጋ ይወርድ ጀመር። በ1970ዎቹም ካላ አዛር የተባለው በሽታ በእነዚሁ ሠራተኞች ላይ ወረደባቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ጥቃቅን ነፍሳት ናት፤ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። ሠራተኛው ደግሞ ቤት ስለ ሌለው ሌሊቱን የሚያድረው እዚያው ግራር ሥር ነው። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ይበረታበታል። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ካላ አዛር ወዲያው አይታይም፤ ከተያዙ በኋላ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይቈያል። ስለዚህ ሠራተኛው አጭዶ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚወድቀው። በሽታው የቆላው ሥራ ያመጣው ሲሆን፣ ወጪው ግን የደጋው ቤተ ሰብ ይሆናል። የእርሻው ባለቤት ሰውየው መታመሙን እንኳ አይሰማም። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኙ የታወቀ ጊዜ፣ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች በሽታውን ሳያመጡት አልቀሩም ተብሏል፤ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ወባ መስሏቸው ነበረ። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ሕክምናው ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን መውሰድን የሚጠይቅ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል ቢባልም፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ የመኪናው ኪራይና የቀረው የእርሻ ሥራ በነፃ አይደለም። በዳባት ያገኘነው አንድ ገበሬ ከቆላ ያመጣው የአንድ ወቅት ገንዘብ በሕክምናው አልቆ፣ አንድ በሬ እንደ ጨመረበት ነግሮናል። «ወርጄ የሠራሁት ለበሽታው ነው» አለ።

ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት፣ ከዚያም ገዳሪፍ የሚሠራው ሰው ነገሩ ከዚህ ይብሳል። እሱ በእርግጥ ውጭ አገር የሄደ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውል የለውም፣ ፓስፖርት የለውም፣ በማንም መዝገብ አልተጻፈም። መንደሩ አያየውም፣ መንግሥቱ አያውቀውም፣ አሠሪውም ነገ ሌላ ሰው ያገኛል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመተማ በኩል ተመልሰው ከገቡት መካከል እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ነበሩባቸው።

አሁን ወደ ሕግ እንመለስ። በአገራችን የኢንሹራንስ ሥራ የተጀመረው ለዕቃ ነው፤ ከ1905 ጀምሮ የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት ዋስትና ይሰጥ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኢንሹራንስ ኩባንያ በ1951 ተቋቋመ፤ በ1975 ኩባንያዎቹ ሲወረሱ፣ በ1976 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተተካ። ይህ ሁሉ የነጋዴውንና የከተማውን ሰው የሚመለከት ነው፤ በኮሶዬ ገደል የሚወርደውን ሰው አልደረሰበትም። በሌላው ዓለምም ቢሆን የሕመም ዋስትና የተጀመረው በፋብሪካ ነው። በጀርመን አገር በ1883 የወጣው የቢስማርክ ሕግ አሠሪና ሠራተኛ አብረው እንዲያዋጡ ያዘዘው ለወዛደሩ ነበረ። ፋብሪካ ደጅ፣ መዝገብና የደመወዝ ቀን አለው። የሰው ቤት ግን ይህ ሁሉ የለውም። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው የዳባት ልጅ የምትገባው ደግሞ የሰው ቤት ነው፤ ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ፈቀደ። በ2009 አዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በጥቅምት 2013 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻና በሚቀጥለው ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው መሄዱን አላቆመውም፤ በሕጋዊው በር ይወጡ የነበሩት በሌላ በር ወጡ፤ ለሕመም ነገር ይህ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ያለ ውል የሄደች ሴት ያለ ዋስ የሄደች ናትና። በ2016 የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2021 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ።

የ2016ቱ አዋጅ ወጪን የሚያከፋፍልበት አንቀጽ በጥሞና ቢነበብ ብዙ ያስተምራል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። የፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃ፣ የክትባት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪ በሠራተኛዋ ላይ ነው። እንግዲህ ከመሄዷ በፊት ጤናዋን የምታስመረምረው በራሷ ገንዘብ ነው። ምርመራውም እሷን ለማዳን የሚደረግ አይደለም፤ ተቀባዩ አገር የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም እርግዝና እንደሌለባት እንዲያውቅ ነው። አንድ ነገር የተገኘባት እንደ ሆነ «አታልፍም» ይባላል፤ የሚያክማት ሌላ ሰው ትፈልግ። በሕይወቷ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኘው ሙሉ የሐኪም ምርመራ ይህ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያሳዝናል።

በሚሄዱበትም አገር ሕጉ ቀስ በቀስ መጥቷል። የዱባይ መንግሥት በ2013 ባወጣው ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ አዘዘ፤ ከጥር 2025 ጀምሮም ግዴታው በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ሁሉ ደረሰ። በሊባኖስ በ2009 የወጣው ለቤት ሠራተኞች የተዘጋጀ አንድ ወጥ ውል አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገባ ይጠይቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ በሐምሌ 2024 የተጀመረው ግዴታ ግን ከ4 በላይ የቤት ሠራተኞች የሚቀጥረውን ቤት የሚመለከት ነው። አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችበት ቤት፣ ማለት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች የሚገቡበት ቤት፣ ከቍጥሩ ውጭ ነው። በዚህ ሌሎችን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ይኸውም የቤት ሠራተኛን፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል።

በወረቀት ያለው መድን በእጅ እስኪገባ ምን እንደሚያጋጥም ከአንዲት ተመላሽ ሰምተናል። ከደባርቅ አካባቢ ወጥታ በአንድ የዓረብ አገር ሦስት ዓመት የሠራች ናት። የኢንሹራንስ ካርድ ነበራት፤ ነገር ግን ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከፓስፖርቷ ጋራ እመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ተቈልፎ ነበረና። ወገቧን በታመመች ጊዜ ወደ ሐኪም ለመሄድ መኪና፣ ፈቃድና የሚተረጕምላት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ሦስቱም በአሠሪዋ እጅ ናቸው። «ካርዱማ ነበረ፣ ወንድሞቼ፤ እኔ ነኝ ወደ ካርዱ መድረስ ያቃተኝ» አለችን። በመጨረሻ ሥራ ስላልቻለች ውሏ ሳይፈጸም ተመለሰች፤ በተመለሰች ቀንም መድኑ አበቃ። የኢንሹራንሱ ሕይወት ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ መኖሪያ ፈቃዱ ሲቈረጥ እሱም ይቈረጣል። የወገቡ ሕመም ግን አብሯት በቦሌ ገባ።

በአገር ቤት ምን ይጠብቃታል? በ2010 የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ ደመወዝተኛውን የሚመለከት ነበር። ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ገብተውበት ነበር። ቈይቶም ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተስፋፋ፤ በ2022 አዋጅ ቁጥር 1273 ወጣለት። ይህ መድን በእኛ አስተያየት የቃሬዛው ልጅ ነው። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተ ሰብ ነው፤ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ መከሩ ከገባ በኋላ ይከፈላል፤ ድኻውንም ቀበሌው መርጦ መንግሥት ይከፍልለታል። ሰውየው በጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በመላኪያ ወረቀት በሆስፒታል ይታከማል። የወረሰውም ጉድለት የቃሬዛውን ነው፤ ከአገር ውጭ የተደረገ ሕክምና አይሸፍንም፤ ውል ከተገባላቸው የሕክምና ቤቶች ውጭም ዋጋ የለውም። ከወገራ ወርዶ ቆላ ውስጥ የታመመ የቀን ሠራተኛ ካርዱ እላይ፣ እሱ እታች ይሆናል።

ለንጽጽር የፊሊፒንስን ሥራ መጥቀስ ይጠቅማል፤ ሕዝቧን በብዛት ወደ ውጭ ለሥራ በመላክ የታወቀች አገር ናትና። በ2010 በወጣው ሪፐብሊክ አክት 10022 በተባለው ሕግ፣ ሠራተኛውን የሚልከው ኤጀንሲ ሠራተኛውን አንድ ሳንቲም ሳያስከፍል ኢንሹራንስ እንዲገባለት ታዟል። በአደጋ ለሞተ 15 ሺህ፣ በሕመም ለሞተ 10 ሺህ፣ ሙሉ በሙሉ አካለ ስንኩል ለሆነ 7 ሺህ 500 የአሜሪካ ዶላር ተወስኗል። ከዚህም ጋራ የታመመውን ወደ አገሩ የመመለስ ወጪ አለበት። በእኛ ዓይን ትልቁ ነገር የገንዘቡ ልክ አይደለም፤ ዋስትናው የተገዛው ሠራተኛው በተነሣበት አገር፣ በአገሩ ሕግና በሚያነበው ቋንቋ መሆኑ ነው። ካርዱ በእመቤቲቱ መሳቢያ ቢቈለፍ እንኳ ሌላው ቅጂ አገር ቤት አለ። በአዋጅ ቁጥር 923 የእኛ ኤጀንሲዎች 100 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ ታዟል፤ ነገር ግን ይህ ለሠራተኛው መብት በኤጀንሲው ላይ የተያዘ መያዣ እንጂ፣ ታማሚዋ ካርድ አሳይታ የምትታከምበት መድን አይደለም።

ስለዚህ መጠገን ያለበት ስፍራ በሁለቱ መድኖች መካከል ያለው ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው፣ ሠራተኛዋ ስትሄድ በቤተ ሰቧ ካርድ ላይ ያለው ስሟ ታግዶ እንዲቈይና በተመለሰች ቀን ሳይጠየቅ እንዲነቃ ማድረግ ነው። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የቀበሌው መዝገብ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ለቆላ ሠራተኞች ካርዱ በመተማና በአርማጭሆ ጤና ጣቢያዎችም እንዲሠራ ወረዳዎቹ እርስ በርሳቸው ውል መግባታቸው ነው። ሱዳን ላለው ሠራተኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዓይነት የሚደረስበት መንገድ አልታየንም።

ከኮሶዬ በተመለስንበት ቀን ያደርንበት ቤት እናት የጤና መድናቸውን ካርድ አውጥተው አሳዩን። የቤተ ሰቡ ስም በተራ ተጽፏል፤ ሦስተኛዋ ልጅ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ስሟ ለምን እንዳልወጣ ብንጠይቃቸው፣ የቀበሌው ጸሓፊ ሊሰርዝላቸው ፈልጎ እንደ ነበረና እሳቸው እንደ ከለከሉት ነገሩን። መዋጮውን በየዓመቱ ጥር ላይ ከእሷ ስም ጋራ ይከፍላሉ።